ልጄ «ለማን ነው የምታወራው?» አለችኝ

አራት ዙር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ባለፈው ሳምንት ልጄን ትኩሳት ያዛት። ስድስት ዓመቷ ነው። ከእናቷ ጋር ተራ ገብተን ስንጠብቃት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የእኔ ተራ ሆነ። ግንባሯ ላይ እጄን ጭኜ እንደተቀመጥኩ የሆነ ድምፅ ሰማሁ። የራሴ ድምፅ ነው። «በልዑል መጠጊያ የሚኖር ሁሉን በሚችል አምላክ ጥላ ውስጥ ያድራል» እያልኩ ነው። መቼ እንደጀመርኩት አላውቅም። «ከሌሊት ግርማ» የሚለው ጋ ስደርስ ልጅቷ ዓይኗን ከፈት አድርጋ «አባዬ፣ ለማን ነው የምታወራው?» አለችኝ።

«ለራሴ» አልኳት። እሷ ተመልሳ ተኛች። እኔ ቁጭ እንዳልኩ ነጋ።

የቤተ ክርስቲያን ደጅ ከረገጥኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ተጣልቼ አልወጣሁም። አንድ እሑድ ቀረሁ፣ በሚቀጥለውም ቀረሁ፣ የት ጠፋህ የሚለኝ ሲጠፋ እኔም ራሴን መጠየቅ ተውኩ። አታምንም ወይ ብትሉኝ መልስ የለኝም። ታምናለህ ወይ ብትሉኝም የለኝም።

አባቴ ከእራት በኋላ አንድ ምዕራፍ ያነብልን ነበር። በየማታው፣ ሳይዘል። እንግዳ ከመጣ እንግዳውም ቁጭ ብሎ ይሰማል፤ መብራት ከጠፋ ሻማ ይበራል። 66ቱ መጻሕፍት በድምሩ 1,189 ምዕራፍ አላቸው። በቀን አንድ ሲነበብ ከዘፍጥረት ተነሥቶ ራእይ ለመድረስ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ይፈጃል። እኔ ከአምስት ዓመቴ እስከ አሥራ ስምንቴ ስለሰማሁ አራት ዙር ጨርሻለሁ፤ እዚህ የምጠቀምበት ስምም ከዚያ የመጣ ነው። ስለ ለምጽ የሚናገረውን ዘሌዋውያን 13ን፣ ያንን 59 ቁጥር፣ አራት ጊዜ ሰምቻለሁ። መዝሙር 119 የሚደርስበት ማታ ደግሞ እንደ ፈተና ቀን ነበር፤ 176 ቁጥር! ታናሽ ወንድሜ ግማሹ ላይ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ያንኮራፋል። ለዚያ ማካካሻ ይመስል ከሁለት ቀን በፊት መዝሙር 117 አለ፤ ሁለት ቁጥር ብቻ። አባቴ መጽሐፉን ሳይከፍት የዘጋው ይመስለን ነበር። ያን ዕለት በደስታ እንጮሃለን፤ እሱም ሳቁን ለመደበቅ መነጽሩን ይጠርጋል።

ሌላው ትዝታዬ እንዲህ አያስቅም። ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ በእሑድ የልጆች ትምህርት የሚያስተምረን ሰው፣ እያንዳንዳችን በሰማይ አንድ ደብተር እንዳለንና መልአክ ጥፋታችንን አንድ በአንድ እንደሚጽፍበት ይነግረን ነበር። አንድ ቀን ዋሽቼ ተያዝኩ። ፊት ለፊት አቆመኝና ለልጆቹ «የዚህ ልጅ ገጽ ሞልቷል» አለ። ይኸው ነው፤ አልመታኝም፣ አልጮኸብኝም። እስከ ዛሬ ግን መሥሪያ ቤት አንዲት ቁጥር ተሳስቼ ሳገኝ፣ ሰው ቀጥሬ ሳረፍድ፣ ልጄን ተቆጥቼ ስጸጸት የምሰማው ያንን ነው፦ ገጽህ ሞልቷል።

ባለቤቴ ሃይማኖት በሌለበት ቤት ያደገች ናት። እሷ ብርጭቆ ከሰበረች ብርጭቆ ሰበረች፣ አለቀ። እኔ ከሰበርኩ መጀመሪያ የሚያመልጠኝ ቃል «ይቅር በለኝ» ነው፤ ማንን እንደምለምን እንጃ። ደስ የሚል ነገር ሲገጥመን እሷ ትደሰታለች። እኔ ሒሳቡ መቼ እንደሚመጣ እጠብቃለሁ።

ይህን ብቻ ብዬ ብተወው ግን ውሸት ይሆናል። የባለቤቴ እናት ሰባት ወር አልጋ ላይ በዋለችበት ጊዜ ሥራ እንደወጣሁ በየቀኑ አጠገቧ እቀመጥ ነበር። ባለቤቴ አንድ ቀን «አይሰለችህም?» አለችኝ። ጥያቄው ራሱ ገረመኝ። እናቴ በየቅዳሜው «ታምሜ ጠይቃችሁኛልና» እያለች እኛን አስከትላ በሽተኛ ስትጠይቅ ነው ያደግሁት። መቀመጥ ነው፤ ምኑ ይሰለቻል?

እንግዲህ ጥያቄዬ፦ በክርስቲያን ቤት ያደጋችሁ ሰዎች፣ ትልቅ ስትሆኑ አብሯችሁ የቀረው ምንድን ነው? የምታምኑት (ወይም የተዋችሁት) የራሳችሁ መሆኑን በምን አወቃችሁ? ለልጄስ ምን ልበላት? «ወደ ቤትህ ተመለስ» ብቻ የሚል መልስ ሰምቼዋለሁ። «ተረት ነው፣ እርሳው» የሚለውንም ሰምቼዋለሁ።

የሦስት እናት

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርልህ። ቅር እንዳትሰኝ፤ የታመመ ልጅ ስሰማ ከእኔም አፍ የሚወጣው ይኸው ነው።

እኔ ከቤተ ክርስቲያን አልወጣሁም። አምናለሁ፣ እጸልያለሁ፣ ልጆቼንም ይዤ እሄዳለሁ። ግን እንዲህ ስል የቀረጸኝ ፍቅር ብቻ እንዳይመስልህ። አንድ ከሰዓት ልንገርህ።

አሥር ዓመቴ ነው። ያን ሰሞን ስለ ንጥቀት በብዛት ይሰበክ ነበር፤ ሁለት ሰዎች በእርሻ ይሆናሉ፣ አንዱ ይወሰዳል ሌላው ይቀራል የሚለው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ክፍት ነው። ሬዲዮኑ ያወራል። ድስቱ ተጥዶ ክዳኑ ይንቀጠቀጣል። ሰው የለም። የእናቴ ጫማ ደፉ ላይ አለ። ጫማዋን አየሁና ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ፤ በቃ፣ ተወስደዋል፣ እኔ ቀርቻለሁ። በፊተኛው ቀን ከእህቴ ደብቄ የበላሁትን ከረሜላ አስታወስኩ። ለዚያች ከረሜላ ነው የቀረሁት ብዬ አልጋ ሥር ገባሁ።

እናቴ ለካ ባዶ እግሯን ከጓሮ ልብስ እያነሣች ነበር። ስታገኘኝ ሳቀች። አልፈርድባትም፤ ምን እንዳሰብኩ አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችም። ዛሬ አርባ አልፎኛል። ቤት ስገባ ዝም ካለ ልጆቼን እቆጥራለሁ። ሦስት ናቸው። ሦስት እስክል አልተነፍስም።

ትምህርቱን ከሐዋርያት ጀምሮ ሁሉም ክርስቲያን የሚፈራው ይመስለኝ ነበር። ሠላሳዎቹ ውስጥ ገብቼ ነው ሳነብ ያወቅሁት። የክርስቶስን ዳግም መምጣት ሁሉም ያምናል። አማኞች ከመከራው በፊት ድንገት ተነጥቀው ሌላው ዓለም ይቀራል የሚለውን አቀራረብ ግን በሰፊው ያስተማረው ጆን ኔልሰን ዳርቢ የሚባል ሰባኪ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1830ዎቹ ወዲህ። የበለጠ ያሰራጨው ደግሞ በ1909 የወጣው የስኮፊልድ ማብራሪያ ያለበት መጽሐፍ ቅዱስ። ሁለት መቶ ዓመት እንኳ ያልሞላው ነገር! አንድ ዓመት ሙሉ ተናደድኩ። መዝሙር አልዘምርም አልኩ።

ከንዴቱ ያወጣኝ ምን እንደሆነ ስነግርህ ትስቃለህ። በአሥራ አንድ ዓመቴ በቃሌ ወጥቼ እርሳስ የተሸለምኩበት ጥቅስ ነው፤ አንደኛ ዮሐንስ 4፥18፣ «ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ ይጥላል»። ያኔ ትንፋሽ ሳልወስድ ነበር የጨረስኩት፤ ምን እንደሚል አላዳመጥኩትም። መርዙንም ማርከሻውንም እዚያው አንድ መደርደሪያ ላይ ነው ያስቀመጡልኝ።

ስለ ልጅህ፦ ለራሴ ነው ያልካትን አርማት። ልጅ ጥያቄዋ እንደተድበሰበሰ ታውቃለች።

አልጸልይም

እኔ የመጋቢ ልጅ ነኝ። አሁን እግዚአብሔር የለም ባይ ነኝ። «እግዚአብሔር ሞቷል» ያለው ፈላስፋ ኒቼም የሉተራን መጋቢ ልጅ ነበር (አባቱ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1849 እሱ ገና አራት ዓመቱ ሳለ ነው)፤ ስለዚህ መንገዱን የጀመርኩት እኔ አይደለሁም።

ጠያቂው፣ አንድ ነገር እንዳትሳሳት። መዝሙሩ ከአፍህ መውጣቱ የምታምን መሆንህን አያሳይም። አራት ዙር የሰማ ጭንቅላት ሲደነግጥ ያጠራቀመውን ያወጣል፤ የማባዛት ሠንጠረዥ አስጠንተውህ ቢሆን ኖሮ ሰባት ጊዜ ስምንት ትል ነበር።

ደግሞ «ተውኩት» የሚለው ቃል ለእኔም ሙሉ በሙሉ እንደማይሠራ ልመን። ከተውኩት አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። አሁንም ታሪክ ሁሉ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ ወደ አንድ ቦታ የሚሄድ ይመስለኛል። ዜና ስሰማ የተበደለው ወገን ፍርድ የሚያገኝበትን ቀን እጠብቃለሁ። ማን ይፈርድለታል? እኔ እንደማምነው ማንም። ግን እጠብቃለሁ። ሌላ ቦታ፣ ሌላ እምነት ውስጥ ያደጉ ጓደኞቼ ይህን አይጠብቁም፤ ዓለም እንደ መንኮራኩር ትዞራለች ይሉኛል፣ እነሱም ያለ ጭንቀት ይተኛሉ።

የሚናፍቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አብሮ መዘመር። በመዘምራን ውስጥ ሦስተኛውን ድምፅ፣ ቴነሩን፣ ነበር የምይዘው። አባቴን በቀበርንበት ቀን መዝሙር ተጀመረ። ዝም ልል ወስኜ ነበር የሄድኩት። ሁለተኛው አዝማች ላይ የእኔ ድምፅ ያለበት ቦታ ባዶ ሆኖ ተሰማኝ። አንድ ጥርስ እንደወለቀ። ገባሁበት። እናቴ ዘወር ብላ አየችኝ። ልጄ ተመለሰ ብላ ነው ያሰበችው። አላረምኳትም። እስካሁንም አላረምኳት፤ ይህ ውሸት ነው ወይስ ምሕረት እያልኩ ሦስት ዓመት አሰብኩበት። «ምሕረት» የሚለውን ቃልስ ከየት አመጣሁት?

ለልጅህ የማታምነውን አታስተምራት። ያ ብቻ።

ሸምገል ያልኩ

ልጄ፣ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። አንተ የጠቀስከው መዝሙር እኛ ኦርቶዶክሶች ዘንድ 90ኛው ነው፤ መጽሐፉን ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ የመለሱት ሰባ ሊቃናት ዘጠነኛውንና አሥረኛውን አንድ አድርገው ስለተረጎሙት ቁጥሩ ከእናንተ በአንድ ያንሳል። ቃሉ ያው ነው። ከወጣቶች ጋር በዚህች ቁጥር ስንጨቃጨቅ ብዙ እሑድ አልፏል።

እዚህ ሁላችሁም የጻፋችሁት በልጅ ወገን ነው። እኔ በአባት ወገን ልጻፍ።

አራት ልጆች አሳድጌያለሁ። ጾሙን፣ ስግደቱን፣ ዳዊቱን አንድም ሳላጓድል አስተማርኳቸው። ምሳሌ 22፥6 «ልጅን በሚሄድበት መንገድ ምራው፥ በሸመገለም ጊዜ ከእርሱ ፈቀቅ አይልም» ይላል። ይህን እንደ ውል ቆጠርኩት። እኔ ድርሻዬን ከተወጣሁ እግዚአብሔርም ይፈርማል። ሁለቱ ልጆቼ ዛሬ ስለ ሃይማኖት ከእኔ ጋር አያወሩም። የመጀመሪያው ሲሄድ እርሱን ወቀስኩ። ሁለተኛዋ ስትሄድ ግን ጥቅሱን ደግሜ አነበብኩት። መጽሐፉ ምሳሌ ነው፤ ስሙም እንደዚያ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሆነውን ይናገራል እንጂ ማኅተም ያለው ደብዳቤ አይጽፍልህም።

ዕድሜዬን ሙሉ መምህር ስለነበርኩ ነገሩን በመጻሕፍትም ፈለግሁት። ቨርን ቤንግትሰን የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ከ350 በላይ ቤተሰቦችን፣ በአራት ትውልድ ከ3,500 በላይ ሰዎችን፣ ለአሥርተ ዓመታት ተከታትሏል። ያሳየው ነገር ቀላል ነው፤ ለእኔ ግን ከበደኝ። እምነት ከወላጅ ወደ ልጅ ይበልጥ የተላለፈው ግንኙነቱ ሞቅ ያለ በነበረበት ቤት ነው፣ በተለይ ከአባት ጋር። አባትየው ቀዝቃዛ ከሆነ ምሳሌነቱና ትጋቱ ብዙ አልረዳውም። ያን ማታ ጽሑፉን አጥፌ ወደ መኝታዬ ስሄድ፣ ልጆቼ ፊት ስቄ የማውቅባቸውን ቀኖች ለመቁጠር ሞከርኩ።

የአንተ አባት ሳቁን ለመደበቅ መነጽሩን ይጠርግ ነበር ብለሃል። እኔ ያን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ የመምህር ነገር። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ አውግስጢኖስ ከእናቱ ከሞኒካ እምነት ወጥቶ ልክ እንዳንተ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ቆይቷል፤ እሱ ማኒ የሚባል ፋርሳዊ ከመሠረተው ሃይማኖት ተከታዮች ጋር። መጨረሻውን ሁሉም ያውቀዋል፦ እ.ኤ.አ. በ387 በፋሲካ ሚላን ላይ በጳጳሱ በአምብሮስ እጅ ተጠመቀ፤ እናቱም በዚያው ዓመት ኦስቲያ ላይ አረፈች። እኔን የሚገርመኝ ግን መሐሉ ነው። በአሥራ ዘጠነኛ ዓመቱ የሮማዊውን የሲሴሮን የፍልስፍና መጽሐፍ አንብቦ ልቡ ነደደ። ያ ሁሉ ደስታ ውስጥ አንድ ነገር ጎደለኝ ይላል። ከእናቱ ወተት ጋር የጠጣው የክርስቶስ ስም እዚያ መጽሐፍ ውስጥ አልነበረም።

«አልጸልይም» ላልከው ልጄ፦ የማባዛት ሠንጠረዥ የታመመ ልጅ አጠገብ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

አልጸልይም

አባቴ ሆይ፣ በዚች ረቱኝ። በሌላው ግን አልተስማማሁም። ደግሞ እኔ ልጅዎ ብሆን ኖሮ ያን ጥናት ያነበቡበትን ማታ ቢነግሩኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለእነሱ ነግረዋቸዋል?

ሸምገል ያልኩ

አልነገርኳቸውም።

አራት ዙር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሦስት እናት፣ ጫማው ላይ ስደርስ እኔም ትንፋሼን ያዝኩ።

ሸምገል ያሉት አባቴ፣ ስለ መነጽሩ የጻፉት አንድ ነገር አስታወሰኝ። በሦስተኛው ዙር፣ አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ፣ ሁለተኛ ነገሥት 2 ደረሰ። ልጆች ኤልሳዕን «አንተ መላጣ» ብለው ሰደቡት፤ እሱም ረገማቸው፤ ሁለት ድቦች ከዱር ወጥተው አርባ ሁለቱን ቦጫጨቋቸው። እጄን አወጣሁ። እኛ ቤት በንባብ መሐል እጅ አይወጣም ነበር። «መላጣ ስላሉት ነው?» አልኩት። አባቴ ቁጥሩን መልሶ በዝምታ አነበበው። ከዚያ «እኔም አልገባኝም» አለና ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ ጠርዙ ላይ የሆነ ነገር አደረገ። «ነገ እንቀጥላለን።»

አባቴ ከሞተ በኋላ መጽሐፉ ለእኔ ደርሷል። ስድስት ዓመት መደርደሪያ ላይ ነበር። ትናንት ማታ አወረድኩት። ጠርዙ ላይ ያደረገው የጥያቄ ምልክት ነው። አንድ ብቻ መስሎኝ ነበር። ገጽ በገጽ ሄድኩ፤ ሠላሳ ሰባት አገኘሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ስለነበር አብዛኛው ላይ ቀን ጽፎበታል። አንደኛው መዝሙር 91 ላይ ነው፣ «ክፉ ነገር ወደ አንተ አይቀርብም፥ መቅሠፍትም ወደ ቤትህ አይገባም» የሚለው አጠገብ። ቀኑን አየሁት። እናቴ ሆስፒታል የገባችበት ሳምንት ነው። እናቴ ከዚያ አልተመለሰችም። እሱ ግን ከዚያ በኋላም አንዳችን በታመምን ቁጥር ግንባራችን ላይ እጁን ጭኖ ይህንኑ መዝሙር ነው የሚደግምልን የነበረው። ከእነዚያ አራት ዙሮች በቃሌ የያዝኩት ይህን ብቻ መሆኑ ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ የሰማሁት አራት ጊዜ አይደለማ።

ያንን የእሑድ አስተማሪ ያህል አባቴን አለማስታወሴ ያናድደኛል። አንድ ዓረፍተ ነገር አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ከተነበበልኝ በልጦ ቆየ። ለምን እንዲህ እንደሚሆን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ዛሬ ከእራት በኋላ ለልጄ «የዚያን ሌሊት ለራሴ ነው ያልኩሽ ልክ አልነበረም» አልኳት። «አባቴ ለእግዚአብሔር የሚለውን ነበር የምለው። ይስማኝ አይስማኝ አላውቅም።» ትንሽ አሰበችና «አያቴስ ያውቅ ነበር?» አለች። ገጹን አሳየኋት። ገና ፊደል እየቆጠረች ስለሆነ የጥያቄ ምልክቱን አላወቀችውም፤ «ይቺ ማን ናት?» ብላ ጣቷን አስቀመጠችበት። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና ትሰማናለች፤ ውኃውን ዘግታዋለች።

ነገ ይነበብ አይነበብ ገና አልተነጋገርንም።

ዝም ብዬ አንባቢ

ሁሉን አነበብኩ። ትኩሳቱስ ለቀቃት?

አራት ዙር (ጠያቂ)

ለቀቃት። ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት ገብታለች።